ሰመንደል እሳት ውስጥ ይኖራልን?
ስለ ሰሜን አፍሪካው የተራራ ሳላማንደር አመዳደብና መኖሪያ

(በሬድዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

  ምስጋና ሁሉ ፍጥረታትን ፈጥሮ፣ ለየአንዳንዳቸው ሲሳያቸውንና ማደሪያቸውን ለወሰነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው።

ሰሞኑን አንዲት እናት ደብዳቤ ልከውልናል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ማታ ማታ አያቱ ዘንድ ኪታብ ይቀራል። አንድ ምሽት አያትየው «ሰመንደል» ስለሚባል ፍጡር አጫወቱት። እሳት ውስጥ ገብቶ የማይቃጠል፣ እንዲያውም እሳቱ የሚደላው ፍጡር እንደሆነ ነገሩት። ልጁ ግን «አባባ፣ ሳላማንደር እኮ በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ላይ አለ። ቆዳው እርጥብ የሆነ ትንሽ እንስሳ ነው። እሳት ውስጥ ቢገባ ወዲያው ይሞታል። ኪታቡ ውሸት ነው» አለ። አያትየው እጅግ አዘኑ። ልጁም አኮረፈ። ኪታቡ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እናትየው «ማንኛቸው ናቸው ልክ? ቤቴንስ እንዴት ላስታርቅ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

እኛም በመድረሳ ዘመናችን ስለ ሰመንደል ሰምተን ተደንቀናል፤ ኮሌጅ ገብተን ደግሞ የሳላማንደርን ሥዕል አይተን ግራ ተጋብተናል። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነበር። መልሱን ለመስጠት የዚህን እንስሳ ትክክለኛ ማንነት፣ ዘመዶቹንና የሚኖርበትን ተራራ ማወቅ ያስፈልገናል።

አንድ ስም፣ ሦስት ነገር

«ሰመንደል» የሚለው ቃል ከግሪክኛው «ሳላማንድራ» ወደ ዐረብኛ የገባ ነው። ስሙ በመጻሕፍት ውስጥ ሲዘዋወር ግን በሦስት የተለያዩ ነገሮች ላይ አርፏል።

አንደኛው በኪታብ የተጻፈው ነው። በ1405 እ.ኤ.አ. ያረፉት የግብጹ ዓሊም ከማሉዲን አድ-ደሚሪ ስለ እንስሳት ባዘጋጁት «ሐያቱል ሐየዋን» በተሰኘው ታላቅ መጽሐፋቸው ሰመንደልን እሳት የማይጎዳው ወፍ አድርገው መዝግበውታል። ከእርሳቸው ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት የኖረው የበስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝም ስለ ሰመንደል ጽፏል። ደሚሪ ከቀደሙት መጻሕፍት፣ ከተጓዦችና ከገጣሚዎች የደረሳቸውን ሰብስበው ለትውልድ ያስተላለፉ ሰው ናቸው እንጂ ወፏን እቤታቸው አርብተው አላዩዋትም።

ሁለተኛው ጨርቅ ነው። ከሰመንደል የተሠራ፣ ሲቆሽሽ እሳት ውስጥ ተጥሎ ነጽቶ የሚወጣ ጨርቅ አለ ይባል ነበር። ጨርቁ በእርግጥ ነበረ። ይሁን እንጂ የተሠራው ከወፍ ላባም ከእንስሳ ጠጉርም ሳይሆን አስቤስቶስ ከሚባለው፣ ከምድር ተቆፍሮ ከሚወጣ ጭረት መሰል ማዕድን ነው። በ13ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ወደ ቻይና የተጓዘው ማርኮ ፖሎ ይህ ነገር ከተራራ የሚቆፈር እንጂ እንስሳ አለመሆኑን ተናግሯል። ዛሬ የአስቤስቶስ ብናኝ ለሳንባ ካንሰር እንደሚዳርግ ስለታወቀ ብዙ አገሮች ከልክለውታል።

ሦስተኛው፣ ግሪኮች መጀመሪያ «ሳላማንድራ» ያሉት ሕያው እንስሳ ነው። የእሳቱ ወሬ በእነርሱም ዘንድ ነበር፤ አሪስጣጣሊስ ሳላማንደር በእሳት ላይ ሲሄድ እሳቱን ያጠፋዋል የሚለውን ወሬ ጠቅሷል። የወሬውን ምንጭ መገመት አይከብድም። ይህ እንስሳ እርጥበት ፍለጋ በበሰበሰ ግንድ ሥር ይደበቃል። ሰዎች ግንዱን ለማገዶ ወስደው ሲያነዱት እንስሳው ነፍሱን ለማዳን ከውስጡ እየተሳበ ይወጣል። ያየ ሰው «ከእሳት ተወለደ» ቢል አይደንቅም።

እንግዲህ አያትየው በኪታቡ ያለውን በትክክል አስተላልፈዋል። ልጁም ስለ ሕያው እንስሳው የተናገረው ትክክል ነው። ሁለቱን ያጋጨው ሦስት ነገር ላይ የወደቀው አንድ ስም ነው።

እንሽላሊት አይደለም

ሳላማንደር ረዘም ያለ ሰውነት፣ አራት እግርና ጅራት ስላለው ከሩቅ ሲታይ እንሽላሊት ይመስላል። ይህ ስሕተት ተራ ሰው ብቻ የሠራው አይደለም። የዛሬው የእንስሳት አሰያየም መሠረት የጣለው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝርዝር የአውሮፓውን ሳላማንደር ከእንሽላሊቶች ጋር ደምሮት ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች አረሙት።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። የእንሽላሊት ቆዳ ደረቅና ቅርፊታም ነው፤ የሳላማንደር ግን ለስላሳ፣ እርጥብና ቅርፊት የሌለው ነው። እንሽላሊት ጥፍር አለው፤ ሳላማንደር የለውም። እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቃል፤ ሳላማንደር ፀሐይን ይሸሻል። በቆዳውም ጭምር ስለሚተነፍስ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል። ስለዚህ ዘመዱ እንሽላሊት ሳይሆን እንቁራሪት ነው፤ ሁለቱም አምፊቢያን ከሚባሉት፣ ሕይወታቸው ከውሃና ከእርጥበት ጋር ከተቆራኘው እንስሳት ይመደባሉ። እሳት ውስጥ ይኖራል የተባለው ፍጡር እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ ድርቀትን የሚፈራ ሆኖ ተገኘ፤ ሱብሓነላህ!

በዓለም ላይ ከ700 የሚበልጡ የሳላማንደር ዝርያዎች ይታወቃሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ነው። በአፍሪካ የሚገኙት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ሲሆን አራት ዝርያዎች ናቸው። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ አንድም የለም። አገራችን ውስጥም የለም፤ አማርኛ ለእርሱ የራሱ ስም ሳያወጣ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአራቱ ሦስቱ ብዙውን ዕድሜያቸውን በኩሬና በረግረግ ያሳልፋሉ። አራተኛው ግን የተራራ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «ሳላማንድራ አልጂራ» ይባላል፤ የአልጄሪያው ሳላማንደር ማለት ነው። ዛሬ ልናወራለት የፈለግነው ስለ እርሱ ነው።

ስሙ እንዴት ተለየ?

ይህ እንስሳ ጥቁር ሲሆን ጀርባው ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉት። በአንዳንድ ተራሮች ቀይ ጣልቃ ይገባበታል፤ በሌሎች ደግሞ ቢጫው እየቀነሰ ጥቁሩ ይበዛል። ርዝመቱ ከጅራቱ ጋር 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዐይኑ ኋላ ባሉ ዕጢዎችና በጀርባው ላይ ወተት የሚመስል መርዝ ያመነጫል። ደማቁ ቀለም «አትንኩኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በበጋ ከድንጋይ ሥርና ከዋሻ ስንጥቅ ተሸሽጎ ይቆያል፤ የበልግና የክረምት ዝናብ ሲጥል ሌሊት እየወጣ ትልና ነፍሳት ያድናል።

በ1883 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ተመራማሪ ቤድሪያጋ ከአልጄሪያ የተገኙትን መርምሮ «አልጂራ» የሚለውን ስም ሰጣቸው። ነገር ግን የአውሮፓው ሳላማንደር አንድ መልክ እንጂ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ አልቆጠራቸውም። ከመቶ ዓመት በላይ ብዙዎች በዚሁ ቀጠሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ባሕር ጠባብ ነውና፣ መልካቸውም ይመሳሰላልና፣ አንድ ናቸው ማለት ቀላል ነበር።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ተመራማሪዎች የአጥንትና የቀለም ልዩነትን ብቻ ሳይሆን የዘር ቅንጣትን (ዲ ኤን ኤ) ማነጻጸር ጀመሩ። ውጤቱ የአፍሪካው ከአውሮፓው ከተለየ እጅግ ረጅም ዘመን እንዳለፈው አሳየ። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት አፍሪካንና ስፔንን የሚለየው የጅብራልታር ሰርጥ የተከፈተው ከ5 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ይህ ሰርጥ ስሙን ያገኘው በ711 እ.ኤ.አ. በተሻገረው በጧሪቅ ኢብን ዚያድ ስም ጀበል ጧሪቅ ተብሎ ከተጠራው ተራራ ነው። ሰው በጥቂት ሰዓት የሚሻገረው ጨዋማ ባሕር ለዚህ እንስሳ የማይታለፍ ግንብ ነው። ስለዚህ የሰሜን አፍሪካው ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በአፍሪካ ውስጥም ተራራ ከተራራ ሲነጻጸር ልዩነት ተገኘ። በ2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሞሮኮ ጫፍ፣ በጠንጃና በሰብታ አካባቢ ያሉት «ቲንጂታና» ተብለው ተለዩ። በ2007 በምሥራቅ ሞሮኮ በበኒ ኢዝናሰን ተራሮች ያሉት «ስፔሌያ»፣ ማለትም የዋሻ፣ ተባሉ። በ2013 የሪፍ ተራሮቹ «ስፕሌንደንስ»፣ ማለትም አንጸባራቂ፣ ተሰኙ። በ2019 ደግሞ የመካከለኛው አትላስ ተራሮቹ «አትላንቲካ» ተብለው ተሰየሙ። የአልጄሪያዎቹ የጥንቱን ስም «አልጂራ»ን ይዘው ቀሩ። እንዲህ ያሉት በሳይንስ ንዑስ ዝርያዎች ይባላሉ፤ በአንድ ዝርያ ሥር ያሉ፣ ነገር ግን በቦታና በዘር የተለዩ ጎሳዎች እንደማለት ነው።

አስተውሉ! ሊኔየስ እንሽላሊት አለው፤ ታረመ። ቤድሪያጋ የአውሮፓው አንድ መልክ አለው፤ ታረመ። አንድ ነው የተባለው አምስት ሆነ። ከእነዚህ ሰዎች ማንንም ግን «ውሸታም» ያለው የለም። እያንዳንዱ በጊዜው በደረሰው መረጃ ሠርቷል፤ ተከታዩም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ አርሟል።

ተራራው እንደ ደሴት

አሁን ካርታውን በዐይነ ኅሊናችን ዘርግተን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንጓዝ።

መጀመሪያ የምናገኘው ከጅብራልታር ትይዩ፣ በአፍሪካው ዳርቻ የቆመውን ጀበል ሙሳን ነው። በዚህና በሰብታ አካባቢ የሚኖሩት ሳላማንደሮች አንድ አስደናቂ ነገር አላቸው። የሌሎቹ ተራሮች እናቶች ስንጥብ ያላቸውንና በውሃ ውስጥ የሚያድጉትን ልጆቻቸውን በምንጭ ወይም በጅረት ይጥላሉ። የጀበል ሙሳዎቹ ግን ልጆቻቸውን በሆዳቸው አሳድገው፣ አራት እግር አውጥተው በየብስ መኖር የሚችሉ ሲሆኑ ይወልዷቸዋል። የኖራ ድንጋይ በበዛበት፣ ውሃ ከመሬት ላይ በማይቆይበት ቦታ ይህ ምን ያህል ጥበብ እንደሆነ ተመልከቱ።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስንወርድ ወደ ሪፍ ተራሮች፣ ወደ ሸፍሻወን ከተማ አካባቢ እንደርሳለን። ዝናብ የሚበዛበት፣ ጥድ መሰል ዛፎች፣ አርዝና ኦክ የሚበቅሉበት አካባቢ ነው። ከዚያ የታዛ ዝቅተኛ ምድር ያቋርጠናል። ከእርሱ ማዶ የመካከለኛው አትላስ ይጀምራል፤ በታዘካ ተራራ የአርዝ ደን ውስጥ ሌላው ጎሳ ይኖራል።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሙሉያ ወንዝ ሸለቆ አለ። ሸለቆው ሞቃትና ደረቅ ነው፤ ሳላማንደር አንድ ቀን እንኳ ሊውልበት አይችልም። ሸለቆውን አልፈን ከአልጄሪያ ድንበር አቅራቢያ የበኒ ኢዝናሰንን ተራሮች እናገኛለን። በዚያ ያሉት ከወገኖቻቸው ተነጥለው፣ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎችና ስንጥቆች እርጥበት ተጠግተው ይኖራሉ። መኖሪያቸው እጅግ ጠባብ ነው።

በአልጄሪያ ደግሞ ሰንሰለቱ በባሕሩ ዳርቻ ተራሮች ላይ ተቆራርጦ ይቀጥላል። ከብሊዳ በላይ ባሉ ደኖች፣ በጁርጁራ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ ጫፍ ደግሞ ከዐናባ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በኢዱግ ተራራ ይገኛል።

የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከአንድ ደጋ ወደ ሌላ ደጋ ለመሻገር ቆላ መውረድ ግድ ነው። ሰው በበቅሎ ወይም በመኪና ይሻገራል። ቆዳው ሲደርቅ የሚሞት ፍጡር ግን ቆላው ባሕር፣ ደጋው ደሴት ይሆንበታል። የአንዱ ደጋ ነዋሪ ከሌላው ሳይገናኝ ዘመን ሲቆጠር ቀለሙም ልማዱም ይለያል።

ስም መለየት ምን ይጠቅማል?

ምናልባት «የአንድን ትንሽ እንስሳ ስም አምስት አድርጎ መሰንጠቅ ምን ይረባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሳችን ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ሳላማንደሮቹ ሁሉ አንድ ቢሆኑ ኖሮ በበኒ ኢዝናሰን ምንጭ ቢደርቅ «በሪፍ ሌላ አለ» እንል ነበር። አሁን ግን ሌላ እንደሌለ አውቀናል። ያ ተራራ ቢራቆት የሚጠፋው በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጡር ነው። አደጋውም የሩቅ አይደለም። ደኑ ለእርሻ፣ በሪፍም በተለይ ለሐሺሽ ተክል ይመነጠራል። ከብት በብዛት ይግጥበታል። ምንጩ ለመስኖ በቧንቧ ይጠለፋል። መንገድ ላይ በዝናብ ሌሊት ሲወጡ በመኪና የሚጨፈለቁም አሉ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ዝርያውን ለአደጋ ከተጋለጡት ጋር መዝግቦታል።

የሰው ግድየለሽነት ምን እንደሚያደርስ በአውሮፓ ታይቷል። በኔዘርላንድስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህ እንስሳ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሳላማንደር በድንገት ማለቅ ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ አራት ያህሉ ብቻ ቀሩ። በ2013 መንስኤው ቆዳን የሚበላ አዲስ ፈንገስ እንደሆነ ተደረሰበት። ፈንገሱ ከእስያ፣ ለመጫወቻ ከሚሸጡ እንስሳት ጋር የመጣ መሆኑ ተገልጿል። ለመዝናኛ የተገዛ አንድ እንስሳ የአንድን ደን ፍጡር ጨረሰ።

ሁለተኛው መልስ ከእኛው ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ፉቀሃዎቻችን በአንድ ነገር ላይ ከመፍረዳቸው በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ ያጣራሉ። ወዘግ ስለሚባለው የግድግዳ እንሽላሊት የመጣ ሐዲስ አለ። እንቁራሪትን መግደል የሚከለክል ሐዲስ ደግሞ አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። ታዲያ ሳላማንደርን አይቶ «እንሽላሊት ነው» ያለ ሰው የአንዱን ፍርድ ሳያውቅ ለሌላው ሊሰጥ ነው። ስሙን ሳያጣሩ ዱላ ማንሳት ከዕውቀት አይደለም።

በእኛ ተራሮችስ?

ሳላማንደር ባይኖረንም ዘመዶቹ ግን አሉን። በኢትዮጵያ ከ70 የሚበልጡ የአምፊቢያን ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙም። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ እግር የሌለው፣ ትል የሚመስልና አፈር ውስጥ የሚኖር አምፊቢያን አለ። ለብቻው የቆመ ወገን ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደጋው ሣር ውስጥ የሚኖሩት እንቁራሪቶች ዲ ኤን ኤ ሲመረመር፣ አንድ ተብለው ይቆጠሩ የነበሩት ብዙ መሆናቸው ታውቋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አዳዲስ ስሞች ሰጥቷቸዋል። የስምጥ ሸለቆና የወንዞቻችን ገደሎች በእኛም አገር የሙሉያን ሸለቆ ሥራ ሠርተዋል።

በባሌ ተራሮችና በሐረና ደን ደግሞ ከዚያ ውጪ የትም የማይገኙ የእንቁራሪትና የጉርጥ ወገኖች አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የረጅም ጊዜ ጥናት ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ እጅግ እያነሱ መምጣታቸውን፣ የደኑ መመናመንና የከብት ብዛትም እንደሚያሰጋቸው አስጠንቅቋል። ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በእነዚያ አካባቢዎች የምትኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናችሁ። ከምንጫችሁ ራስ ላይ ያለውን ጥላ አትቁረጡ። ከብቶቻችሁን ከምንጩ ዐይን ራቅ አድርጋችሁ አጠጡ። ልጆች እንቁራሪት በድንጋይ ሲወግሩ ከልክሏቸው። ይህን ስታደርጉ የምትጠብቁት የራሳችሁንም የመጠጥ ውሃ ነው።

ለእናትየው

አሁን ወደ ደብዳቤው ጸሐፊ እንመለስ። እቴ፣ ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፤ «ልጄ፣ ስለ እንስሳው ያልከው እውነት ነው። ነገር ግን የደረሰውን በታማኝነት ያስተላለፈን ሰው ውሸታም አይሉትም። በአንተ መጽሐፍ ያሉት ሊቃውንትም ደጋግመው ተሳስተው ደጋግመው ታርመዋል። ሄደህ የአያትህን ጉልበት ሳም።»

ለአባታችንም በአክብሮት እንዲህ እንላለን፤ «አባባ፣ ልጁ በእርስዎ ላይ አልተነሣም፤ አነጋገሩ ግን ከአደብ ወጣ። ደሚሪ በሕይወት ኖረው ይህን እንስሳ በእጃቸው ቢይዙት፣ ዓሊም ናቸውና፣ መጽሐፋቸውን ራሳቸው ባረሙት ነበር ብለን እናምናለን። ስለ እንስሳት የተጻፈ መጽሐፍ የሰው ድካም ነው፤ ሰው ደግሞ ይታረማል። ኪታቡን ይክፈቱለት፤ ሰመንደል ከሚለው ገጽ ሲደርሱ እርስዎ የጥንቱን ያንብቡ፤ እርሱ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ሥዕሉን ያሳይዎት።»

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትንና መልካም አደብን ይስጠን፤ በአማና የሰጠንን ምድርና በእርሷ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

በሚቀጥለው ፕሮግራማችን እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።